በቤት ያሉ አረጋውያንን ጤና በየዕለቱ ስለ መመልከት

አባትና እናትን ማክበር በአገራችን ሕፃን ገና ፊደል ሳይቈጥር የሚማረው ትምህርት ነው። ታላቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫ መነሣት፥ ጕልበት ስሞ ምርቃት መቀበል፥ ማዕድ ሲቀርብ አስቀድሞ እጃቸውን ማስታጠብ፥ ይህ ሁሉ በመልካም ቤት የታወቀ ሥርዓት ነው። ነገር ግን አክብሮት በሰላምታና በማዕድ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ያከበርናቸው ሰው ሌሊቱን ስንት ሰዓት እንደ ተኙ፥ ከቀረበላቸው ምን ያህል እንደ ቀመሱ፥ እግራቸው እንደ ትናንቱ ይሸከማቸው እንደ ሆነ ሳናውቅ የቀረን እንደ ሆነ፥ አክብሮታችን ጎዶሎ ይሆናል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን በቤታችን ያሉትን አረጋውያን ጤና በየዕለቱ እንዴት ልንመለከት እንደሚገባ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

የማለዳ ሰላምታችን ራሱ የጤና ጥያቄ ነው፤ «እንዴት አደሩ?» እንላለንና። መልሱም ዘወትር «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነኝ» የሚል ነው። ይህ ቃል ምስጋና ነው እንጂ ስለ ጤና የተሰጠ ምስክርነት አይደለም። አረጋውያን ሕመማቸውን የሚሸሽጉበት ምክንያት ብዙ ነው። ልጃቸውን ከመሥሪያ ቤቱ ላለማስቀረት ይራራሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲያዝዙ ኖረው ዛሬ ለሰው ሸክም ሆኑ መባልን ይጠላሉ፤ ሐኪም ቤት የገባ አይወጣም ብለው የሚፈሩም አሉ። ልጁም ወደ ሥራው ሲቸኩል ያንን መልስ ተቀብሎ ይሄዳል፤ ማታ ሲመለስም ያንኑ ጠይቆ ያንኑ ይሰማል። እንዲህም ሆኖ ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ሕመማቸውን የሚያውቅላቸው ሰው ያጣሉ።

በክሪምያ ጦርነት ጊዜ ቍስለኞችን በማስታመም ስሟ የታወቀው እንግሊዛዊቱ ፍሎሬንስ ናይቲንጌል፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1859 ስለ ሕመምተኛ አያያዝ ያወጣችውን መጽሐፍ የጻፈችው፥ በቤታቸው የሰው ጤና በእጃቸው ላለ ሴቶች ሁሉ ነበር። በመጽሐፉም ውስጥ ሕመምተኛን ስለ መመልከት ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ። ከምክሯ አንዱ ይህ ነው፤ ሌሊቱ መልካም ነበረን ብሎ መጠየቅ ለእያንዳንዱ ሰው ትርጕሙ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ አይጠቅምም፤ ስንት ሰዓት ተኙ፥ የተኙትስ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው ብሎ መጠየቅ ግን የሚጨበጥ መልስ ያመጣል። እኛም ሰላምታውን እንደ ወጉ ካደረስን በኋላ እንዲህ ያለውን ሁለተኛ ጥያቄ ብንጨምርበት ታላቅ ጥቅም እናገኝበታለን።

ሁለተኛው መሰናክል ከእነርሱ ሳይሆን ከእኛ የሚመጣ ነው፤ ይኸውም «እርጅና ነው» የሚለው ቃል ነው። ነገሩን በምሳሌ እንግለጸው። ማለዳ ማለዳ ኪዳን ለማድረስ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው የሚመለሱ አንድ አባት አሉ እንበል። ሰኞ ቀሩ፤ ብርዱ ከበደኝ አሉ። ማክሰኞ ምሳቸውን ገፋ አድርገው ተዉት። ረቡዕ ማታ የልጅ ልጃቸውን ከብዙ ዘመን በፊት በሞተው በወንድማቸው ስም ጠሩት። ቤተ ሰቡም «ምን ይደረግ፥ እርጅና ነው» ብሎ አለፈው። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ለውጥ የሳንባ ምች ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። በወጣት ሰውነት ላይ እንዲህ ያለ በሽታ ሲነሣ ትኩሳቱና ሳሉ፥ ሥቃዩም ወዲያው ያስታውቃል፤ በሸመገለ ሰውነት ግን ትኩሳቱ ሳይበረታ፥ ሳሉም ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። ቀድመው የሚመጡት መልእክተኞች የምግብ ማስጠላት፥ የእግር መክዳት፥ የሐሳብም ድንገት መደናገር ናቸው። ስለዚህ ይህን ልዩነት በልባችን ልንጽፈው ይገባናል፤ በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣው እርጅና ሊሆን ይችላል፤ በቀናት ውስጥ የመጣው ግን ሕመም ነው ተብሎ መመርመር አለበት። «እርጅና ነው» እየተባለ ከሚታለፈው ውስጥ በጊዜው ቢታይ መድኃኒት የሚገኝለት ብዙ ነው።

እንግዲህ የመመልከት ሥራ የሚጀመረው አረጋዊው ደኅና በሆኑበት ጊዜ ነው። እርሳቸውን ከጎረቤት ሽማግሌ ጋር ማስተያየት አይጠቅምም፤ የሚስተያዩት ከትናንቱ ከራሳቸው ጋር ነው። ስለዚህ አንድ ደብተር ተዘጋጅቶ አንድ ሳምንት ሙሉ ልማዳቸው ይጻፍበት፤ ስንት ሰዓት ይተኛሉ፤ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ፤ ከእንጀራው ምን ያህሉን ይበላሉ፤ በቀን ስንት ብርጭቆ ውኃ ይጠጣሉ፤ በስንት ቀን ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ከመኝታ ቤት እስከ በረንዳ ያለ ምርኵዝ ይሄዳሉን፤ ከወንበር በእጃቸው ሳይደገፉ ይነሣሉን፤ ዳዊታቸውንና ራዲዮናቸውን በየትኛው ሰዓት ይፈልጋሉ። ከዚህ በኋላ በየማታው የተለወጠውን ብቻ በአንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። ይህ ደብተር በሐኪም ፊት ሲቀርብ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይረዳል፤ ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ ሲጠይቅ «ቈየት ብሏል» በማለት ፈንታ ቀኑን መንገር ይቻላልና።

ስለ ውኃ አንድ ነገር እንጨምር። በዕድሜ ብዛት የጥማት ስሜት ይደክማል፤ ሌሊት ላለመነሣት ሲሉ ሆን ብለው መጠጡን የሚቀንሱም አሉ። አፋቸው የደረቀ፥ ሽንታቸው ያነሰና የጠቈረ፥ ሲነሡም ራሳቸውን የሚያዞራቸው እንደ ሆነ ውኃ አንሷቸው ሊሆን ይችላል። ሐኪም በልብ ወይም በኩላሊት ምክንያት መጠኑን የወሰነባቸው ካልሆኑ በቀር፥ እስኪጠሙ ሳይጠበቅ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ማቅረብ መልካም ነው።

ከዓይን ቀጥሎ መሣሪያ ይመጣል። ኢጣልያዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1896 ያወጣው፥ በክንድ የሚጠመጠመው የደም ግፊት መለኪያ፥ ለብዙ ዘመን በሐኪም እጅ ብቻ ከኖረ በኋላ ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ ይሸጣል። ነገር ግን በአግባቡ ያልያዘውን ሰው ያሳስተዋል። ከመለካት በፊት ባለው 30 ደቂቃ ውስጥ ቡና አይጠጣም፤ በእኛ አገር ቡና ማለዳ ስለሚቀርብ ልኬቱ ከቡናው ቢቀድም ይሻላል። አረጋዊው ሽንታቸውን ከሸኑ በኋላ ጀርባቸውን አስደግፈው፥ እግራቸውን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው 5 ደቂቃ በጸጥታ ይቀመጡ። ክንዳቸው በጠረጴዛ ላይ በልባቸው ትክክል ይረፍ፤ መጠምጠሚያውም በጋቢና በሹራብ ላይ ሳይሆን በራቁት ክንድ ላይ ይሁን፤ ሲለካም ጨዋታ አይጫወቱ። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁለቱም ይጻፍ። ሐኪማቸው ሌላ ልክ ካልሰጣቸው በቀር፥ በቤት ለብዙ ቀናት የተለካው አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ለሐኪም ይነገር። አንድ ቀን ከፍ ስላለ መድኃኒት መጨመር፥ አንድ ቀን ዝቅ ስላለም ማስተው ግን አይገባም። ሲቆሙ የሚያዞራቸው እንደ ሆነ፥ ተቀምጠው ከተለኩ በኋላ ቆመው በ3 ደቂቃ ውስጥ እንደ ገና ይለኩ፤ የላይኛው ቍጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ የመውደቅ አደጋ ቀርቧልና ይህም ለሐኪም የሚነገር ነው።

የደም ትርታ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። ትንፋሽ ግን የሚቈጠር መሆኑን ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ስለሚለውጥ፥ እጃቸውን ይዞ የደም ትርታ የሚቈጥር መስሎ የደረታቸውን መነሣትና መውረድ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቍጠር ብልኅነት ነው፤ በዕረፍት ላይ ሳሉ 25 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ሐኪም ሳይዘገይ ይጠየቅ። የሙቀት መለኪያም ከራሳቸው ልማድ ከ1 ዲግሪ በላይ ጨምሮ ቢገኝ፥ ቍጥሩ ብዙ መስሎ ባይታይ እንኳ ችላ አይባልም። ሚዛን በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ የልብ ድካም ያለባቸው ግን በየማለዳው ይመዘኑ። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር የመወፈር ምልክት ሳይሆን በሰውነት የተጠራቀመ ውኃ ሊሆን ይችላልና። ቀለበት ከጣት መውለቅ ሲጀምርና ልብስ ሲሰፋም ቀስ ብሎ የመጣውን ክሳት ያስታውቃል።

መድኃኒታቸው በልዩ ልዩ ሐኪሞች የታዘዘ እንደ ሆነ፥ ከባህል መድኃኒቱ ጭምር ሁሉም በአንድ ከረጢት ተሰብስቦ ለአንድ ሐኪም ይታይ፤ እንቅልፍ የሚያመጣው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ለመውደቅ ምክንያት ይሆናል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰው በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ሲውሉ ስኳራቸው ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ምልክቱም ላብ፥ መንቀጥቀጥና መደናገር ነው። ነቅተው መዋጥ የሚችሉ ከሆነ ወዲያው ስኳር ወይም ማር በውኃ በጥብጦ መስጠት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ረመዳንን የሚጾሙትም እንዲሁ ሐኪማቸውንና የሃይማኖት አባታቸውን ይጠይቁ።

ይህን ሁሉ ስንናገር ግን ወላጅን እንደ እስረኛ መጠበቅ ይገባል ማለታችን አይደለም። በቀን ዐሥር ጊዜ መጠየቅ ሰውን ከሕመም ይልቅ ያደክማል። መጀመሪያ «እማማ፥ ሐኪሙ ይጠይቀናልና ግፊትዎን በየማለዳው እንድንጽፍ ይፈቅዱልናል?» ብሎ ፈቃዳቸውን መለመን ይገባል። እጃቸው ብዕር የሚይዝ ከሆነ ደብተሩን ራሳቸው ይጻፉት፤ የገዛ ጤናቸው አዛዥ እነርሱ ናቸውና። ያየነውን በእንግዳ ፊት ማውራት ነውር ነው። ከቤተ ሰቡም አንድ ሰው ኃላፊ ይሁን፤ ሁሉም ያየዋል ሲባል ማንም ሳያየው ይቀራልና። ቀኑን ሙሉ ከእርሳቸው ጋር የምትውለው የቤት ሠራተኛ ከባለ ሥልጣኑ ልጅ ይልቅ ብዙ ታያለች፤ ስለዚህ ምን መመልከት እንደሚገባት በትሕትና እናስተምራት፤ ያየችውንም ስትነግረን ቃሏን አንናቅ። በአሜሪካና በዓረብ አገር ያሉ ልጆችም በየተራ ስልክ እየደወሉ አንዱኑ ጥያቄ ከሚደጋግሙ፥ የደብተሩ ገጽ ፎቶግራፍ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢላክላቸው፥ ስልኩ ለጨዋታና ለምርቃት ይተርፋል።

ደብተርም ምክርም የማይጠበቅበት ጊዜ አለ። ፊታቸው በአንድ ወገን የተጣመመ፥ አንድ እጃቸው የከዳቸው፥ ንግግራቸው የተሳሰረ እንደ ሆነ፥ ይህ የስትሮክ ምልክት ነውና የጀመረበትን ሰዓት ይዞ በዚያው ደቂቃ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው፤ ተመልሶ ቢሻላቸውም እንኳ አይቀርም። ደረታቸውን ያስጨነቃቸው፥ ትንፋሽ ያጠራቸው፥ ሲቀሰቅሷቸው በደንብ የማይነቁ፥ ወድቀውም ራሳቸውን የተመቱ እንደ ሆነ፥ ይልቁንም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆኑ፥ እስኪነጋ አይጠበቅም።

እኛ ሕፃናት ሳለን ሕመማችንን የምንናገርበት አንደበት አልነበረንም፤ እነርሱ ግን የረኀቡን ልቅሶ ከሕመሙ ልቅሶ ለይተው ያውቁ ነበር። ዛሬ አንደበት እያላቸው «ደኅና ነኝ» ሲሉን፥ ከቃሉ በስተ ኋላ ያለውን ለይቶ ማወቅ የእኛ ተራ ነው። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ከየቤቱ አይታጣምና፥ የመጀመሪያው መስመር ዛሬ ማታ እንዲጻፍ አንባቢዎቻችንን አደራ እንላለን።