ማኅተሙ ካምፓላ፣ ዕዳው ጉዴሌ

እኛ ጉዴሌ ሱቅና መጋዘን ያለን ነጋዴዎች የዱቤ ደብተራችንን በገለጥን ቁጥር የምናየው ያንኑ ነው። ገንዘባችንን ይዞ የቀረው የሰፈሩ ደንበኛ አይደለም። እሱ ዱቄቱን ወስዶ ደመወዝ ሲቀበል ይከፍላል። የቀረብን "ድርጅታችን ውጭ አገር የተመዘገበ ነው" እያለ በማኅተምና በካርድ የገባው ነው።

ከመካከላችን አራታችን ለአንድ የግንባታ ድርጅት ሲሚንቶ፣ ዘይትና ዱቄት በ60 ቀን ዱቤ ሰጠን። ቀኑ ሲደርስ የኮንቴይነር ቢሮው ተቆልፎ አገኘነው። ስልክ ያነሳው ሰው "እህቴ፣ እኔ ተቀጣሪ ነኝ፤ ድርጅቱ ያለው ካምፓላ ነው፣ እዚያ ክሰሱ" አለን። የጠበቃው፣ የመንገዱና የሆቴሉ ወጪ ሲደመር ከዕዳው በለጠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን።

"ጥፋቱ የእናንተ ነው፣ ለምን አበደራችሁ?" የሚሉን አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ኮሜርስ የተማርን ሰዎች "ኃላፊነቱ የተወሰነ" ማለት ምን እንደሆነ ፈተና ላይ ጽፈን አልፈናል። ባለቤቱ ከድርጅቱ ካፒታል በላይ ከኪሱ አይከፍልም ማለት ነው። ታዲያ ካፒታሉ ስንት እንደሆነ ሳንጠይቅ ዕቃ ስንጭን ትምህርቱን የት ጣልነው? ሌላው ግማሽ ግን ሐሰት ነው። መጠየቅ የሚቻለው መልሱ ያለበት መዝገብ በእጅ ሲገኝ ነው።

ይህ የጁባ ጉድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የዴንማርክ ባልና ሚስት ሴንትሮስ የሚባል ድርጅት በ100 ፓውንድ ካፒታል እንግሊዝ አስመዘገቡ። እንግሊዝ ውስጥ ግን ምንም አልነገዱም። ሥራቸው ዴንማርክ ነበር፤ እዚያ ቢመዘገቡ 200,000 ክሮነር ይጠየቁ ነበር። በ1999 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ለእነሱ ፈረደ። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ አበዳሪው ድርጅቱ የእንግሊዝ መሆኑን ስለሚያውቅ ራሱን መጠበቅ ይችላል የሚል ነበር።

እዚያ ግን አበዳሪው ማወቂያ አለው። የውጭ ድርጅት ቅርንጫፍ በደብዳቤውና በማዘዣ ወረቀቱ ላይ መዝገቡንና ቁጥሩን እንዲጽፍ ከ1989 ጀምሮ መመሪያ ወጥቷል። ከ2002 ወዲህ ደግሞ ድርጅቱ ሲከስር ዋናው ጉዳይ የሚታየው ሥራው በእርግጥ የሚመራበት አገር ነው፤ የምዝገባ ወረቀት ብቻውን አይወስንም። ደቡብ ሱዳንም የ2011 የኪሳራ ሕግና የ2012 የኩባንያ ሕግ አላት። በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ሆናለች፤ ኢትዮጵያ አይደለችም። እኛ ግን ቆልፎ የሄደን ድርጅት ከድንበር ማዶ ተከትሎ የያዘልን ሕግ እስካሁን አላየንም።

መዘግየትም ራሱ ዕዳ ነው። በታኅሣሥ 2015 ፓውንዱ እንዲንሳፈፍ ሲለቀቅ፣ በይፋ ምንዛሪ 3 ፓውንድ ገደማ የነበረው ዶላር 18.5 ገባ። በፓውንድ ያበደረ ሰው ሙሉውን ቢከፈለውም ዕቃውን መልሶ መግዛት አልቻለም።

ደግሞ እውነቱን እንናገር። ከራሳችን ልጆችም ካምፓላ ተመዝግበው፣ ጁባ ነግደው፣ ዕዳ ሲበዛ አዲስ አበባ የሚገኙ አሉ። የአገር ልጅ ነው ብለን ዝም ካልን ሌላውን የመውቀስ አፍ የለንም።

ስለዚህ ከእንግዲህ እንዲህ እንበል። የምዝገባ ቁጥሩንና አገሩን በደረሰኙ ላይ ላልጻፈ ድርጅት ዱቤ የለም። ከ30 ቀን በላይ የሚጠይቅ፣ ባለቤቱ በራሱ ስም ዋስ ሆኖ ይፈርም። ጁባ ውስጥ ምን እንዳለው እንጠይቅ፤ መኪናም መጋዘንም ከሌለው ግማሹን በቅድሚያ ይክፈል። ዕዳው በዶላር ይጻፍ፣ ውሉም ክርክር ሲነሳ ጁባ ይታያል ይበል። ከመንግሥት የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መዝገቡ ለአበዳሪ ክፍት ይሁን።

"ደንበኛ ይሸሻል" ትሉ ይሆናል። ቁጥሩን ለመጻፍ የሚሸሽ ደንበኛ፣ ዕቃችንን ይዞ ከሚሸሽ አሁኑኑ ባዶ እጁን ቢሸሽ ይሻለናል። ግን አንዳችን እምቢ ስንል ሌላችን ከጎን ካበደርን ከንቱ ነው። ከነገ ጠዋት ጀምሮ አንድ ላይ እምቢ እንበል።