የመስቀል ወፍ የትም አልሄደችም

ለወራት ደብዛው ጠፍቶ በድንገት ብቅ ያለ ዘመድ የሚጠብቀው ሰላምታ የታወቀ ነው፦ «አንተ ሰውዬ፣ የመስቀል ወፍ ሆንክ እኮ!» ዘመድየው ይስቃል። ሥራውን፣ ትራንስፖርቱን፣ የኑሮውን ሩጫ ሰበብ አድርጎ ያልፋል። ወፏ ራሷ የት ከርማ እንደምትመጣ ግን የሚጠይቅ ብዙ የለም።

መልሱ አባባሉን ይገለብጠዋል። በብዙ ቦታ በዚህ ስም የሚጠሩት ቢጫና ጥቁር ወይም ቀይና ጥቁር የለበሱ ወፎች፣ ከድንቢጥ ብዙም የማይበልጡ እህል ለቃሚዎች ናቸው። ክረምት ገብቶ ሣሩ ሲረዝም የመራቢያ ጊዜያቸው ይደርስና ወንዶቹ ላባቸውን ይቀይራሉ። በመስከረም አደይ አበባ መሐል ደምቀው የሚታዩት ሴቷን ለማማለል ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ያ ሁሉ ጌጥ ይረግፋል። ወንዱም እንደ ሴቷ ቡናማና ዥንጉርጉር ሆኖ ከመንጋው ጋር ይቀላቀላል። ጥር ላይ አጥር ሥር እህል ስትለቅም የምትታየዋ «ተራ ወፍ» ያቺው የመስቀል ወፍ ልትሆን ትችላለች። ባሕር አልተሻገረችም፤ ልብሷን ብቻ ነው የቀየረችው። የጠፋው ተመልካቹ ነው።

ጉዳዩ ከአንዲት ወፍ በላይ ነው። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ መካከል ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኙ፣ ወይም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይታዩ ብዙ ናቸው። እነሱን ለማየት ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገንዘብ አጠራቅሞ የሚመጣ ሰው አለ። በየሐይቁ ዳርቻ ባይኖኩላር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ደብተር ይዞ፣ ጎሕ ሳይቀድ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። የአገሬው ሰው ደግሞ ነገሩን «የፈረንጅ ሥራ ፈትነት» ብሎ ያልፈዋል። ወፍ ማየት ግን የፈረንጅ ነገር አይደለም። አገሬው ለፈረንጅ ስለተወው ነው የፈረንጅ የመሰለው።

አዲስ አበባን እንውሰድ። ማለዳ በከተማው ላይ እየተንጫጩ በቡድን የሚያልፉት፣ መንቁራቸው ወደ ታች የቆለመመ ትልልቅ ወፎች ጋጋኖዎች ናቸው። ብዙ የከተማ ነዋሪ በጩኸታቸው ይነቃል፤ እንቅልፌን ረበሹኝ ብሎም ያማርራል። ይህ ወፍ ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የለም። በቤተ ክርስቲያን ጣሪያና በፎቅ ጠርዝ ላይ የሚሰፍረው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው ርግብም እንዲሁ። ከቆሻሻ መጣያው ዙሪያ የማይጠፋው ማጅራቱ ነጭ፣ መንቁሩ ወፍራም ቁራ ደግሞ የአፍሪካ ቀንድ ደጋ ልጅ ነው። በግቢ አበባ ላይ ተንጠልጥላ ማር የምትመጥ፣ ፀሐይ ሲያርፍባት ወይን ጠጅ የምታንጸባርቅ ትንሽ ወፍ ያየ ሰው ደግሞ በዓለም የሳይንስ መዝገብ ስሟ ከተከዜ ወንዝ የተወሰደውን ወፍ አይቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ያለ ቲኬት፣ ያለ መኪና፣ ከመስኮት ላይ የሚታይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። «ኑሮው በዚህ መልኩ ተወዶ፣ ሰው የልጁን ትምህርት ቤት ክፍያ ማግኘት አቅቶት፣ ወፍ ተመልከት ማለት ቅንጦት አይደለም ወይ?» ካሜራ ግዛ ማለት ከሆነ አዎ፣ ቅንጦት ነው። ረጅም ሌንስ ያለው ካሜራ ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። ማየት ግን ካሜራ አይጠይቅም። በቀን 15 ደቂቃ በረንዳ ላይ መቀመጥ ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ወጪ ነው። ያ 15 ደቂቃ አሁንም አለ፤ ስልክ ላይ ጣት ሲያንሸራትቱ ያልቃል። የልዩነቱ ምስክር ደግሞ ሞክሮ ያየ ሰው ነው። አንዲትን ወፍ ጎጆዋን ስትሠራ ለሳምንት የተከታተለ ሰው ከስልኩ ቀና ሲል የሚሰማውን ያህል ድካም አይሰማውም።

ሌላም ተቃውሞ ከገበሬው ወገን ይመጣል። ማሽላው ላይ ግሪሳ የወረደበት ገበሬ ወፍን በፍቅር እንዲያይ ማንም ሊሰብከው አይችልም። የመስቀል ወፍም ብትሆን እህል ትበላለች። ይህን መካድ ሐሰት ነው። ነገር ግን ማማ ላይ ቆሞ፣ ወንጭፍ ይዞ ሰብል ሲጠብቅ ያደገ ልጅ፣ የትኛዋ ወፍ በየት በኩል እንደምትመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደምትሰፍር፣ የትኛዋ ጥሬ እንደምትበላና የትኛዋ ትል እንደምትለቅም ከማንም በላይ ያውቃል። ቆቅን ከጅግራ፣ እርኩምን ከአባ ኮዳ በድምፅና በአበራረር ይለያል። ይህ እውቀት ነው። ያ ልጅ ከተማ ሲገባ «የባላገር ነገር» ተብሎ የሚያፍርበት፣ ሌላው ደግሞ ከውጭ በመጣ መጽሐፍ የሚማረው እውቀት። የወፍ ተመልካችነት በአገሪቱ ሥር ከሰደደ መምህሩ መሆን ያለበት ይህ ሰብል ጠባቂ ነው።

ከማየት ወደ ማንሳት ሲሻገሩ ነገሩ ይወሳሰባል። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ አንሺ ነው፤ ይህም በራሱ መልካም ነው። ችግሩ ፎቶው ከወፏ ሲበልጥ ነው። ሐይቅ ዳር ፍላሚንጎዎች ተሰብስበው ቆመዋል እንበል። እንግዳው የሚፈልገው በአንድ ላይ ሲነሱ የሚታየውን ሮዝ ደመና ነው። አንዱ ድንጋይ ያነሳና ይወረውራል። መንጋው ይነሳል፤ ፎቶው ያምራል፤ «ዋው!» ይባላል። ያ መንጋ ግን ጭቃ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ይመገብ ነበር። በቀን አሥር ጎብኚ አሥር ጊዜ ቢያስነሳው ለመብረር ብዙ ጉልበት ያወጣል። ጎጆም እንዲሁ ነው። ጫጩቶቹን ለማንሳት ቅርንጫፍ የሚገልጥ ሰው እናቲቱን ያባርራል፤ ለፀሐይ፣ ለቁራና ለጭልፊትም መንገድ ይከፍታል። በስልክ የወፍ ድምፅ እያሰሙ ወንዱን ወፍ ማስጠጋትም እንደ ቀልድ የሚታይ ጥፋት ነው። ወፉ ተቀናቃኝ መጣብኝ ብሎ ምግቡንና ጎጆውን ትቶ ይዋጋል፤ የሚዋጋው ግን ከስልክ ጋር ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መስተካከል አለበት፦ መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ መጻፍ፣ በመጨረሻ ማንሳት። ወፏን አሥር ደቂቃ ያየ ሰው ተመልሳ የምታርፍበትን ቅርንጫፍ ያውቀዋል፤ እዚያው ጠብቆ ያነሳታል። የሚያባርራትም ምክንያት አይኖረውም። ጥሩ ፎቶ የሚገኘው በመጠጋት ሳይሆን በመጠበቅ ነው። የደጋው ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ቀለምን ያጥባል፤ ጠዋት ከንጋት በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት ግን ለብርሃኑም ለወፏም ምርጥ ናቸው። መኪና ውስጥ ሆኖ በመስኮት ማንሳት በእግር ከመጠጋት ይሻላል፤ ወፎች ከመኪናው ይልቅ የሰውን ቁመና ይፈራሉና። መሣሪያ ለመግዛት አቅም ያለው ደግሞ ከካሜራው በፊት ባይኖኩላር ቢገዛ ያተርፋል። 8 በ42 የሚባለው ለጀማሪ ይበቃል፤ 8 የሚያቀርብበት መጠን ነው፣ 42 ደግሞ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር።

መጻፍ ለምን ከማንሳት ይቀድማል? ለዚህ የአንድ ጣሊያናዊ መስፍን ታሪክ በቂ ነው። ዩጄኒዮ ሩስፖሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ወፎችን ይሰበስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። ከስብስቡ መካከል ሳይንስ ከዚያ በፊት የማያውቃት አንዲት ውብ ወፍ ተገኘች፤ በስሙም ተሰየመች። ነገር ግን የት እንዳገኛት የሚገልጽ ማስታወሻ አልነበረም። ወፏ በሕይወት እንደገና እስክትገኝ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አለፈ። የአካባቢው ሰው ግን በየዕለቱ ያያት ነበር፤ ማንም ስላልጠየቀው እንጂ። ቦታና ቀን የሌለው መረጃ ምን ያህል ጎዶሎ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ዛሬ በስልክ ውስጥ ተከማችተው ያሉት በሺህ የሚቆጠሩ ስም፣ ቀንና ቦታ አልባ የወፍ ፎቶዎችም ከዚያ ስብስብ አይሻሉም።

የነጭ ሣር ነገር ደግሞ ከዚህም ይደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ የሄዱ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ከሞተች አንዲት ወፍ ያገኙት አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉ ከታወቁት ዝርያዎች ከአንዱም ጋር አልገጥም ስላለ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ፤ የሳይንስ ስሙም «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ መንገድ ዳር የወደቀ ላባ ስላነሳ የዓለም መዝገብ አንድ ስም ጨመረ።

መዝገቡ የሚቀንስበትም ጊዜ አለ። በነጌሌ ቦረና አቅራቢያ ባለው የሊበን ሜዳ ሣር መሬት ላይ የምትኖር አንዲት ትንሽ ወፍ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል ናት። ሜዳው እየታረሰ፣ ቁጥቋጦ እየወረረው፣ ሣሩም ከመጠን በላይ እየተጋጠ ነው። በአብያታ ሐይቅ ደግሞ ውኃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ ሐይቁ ሸሸ፤ ዓሣው ተመናመነ፤ በጎረቤቱ በሻላ ደሴት ላይ ጫጩት እያሳደጉ ከአብያታ ዓሣ ይወስዱ የነበሩት ፔሊካኖችም ገበታቸው ታጠፈ። እንዲህ ያለውን ለውጥ የሚመሰክረው ከሃያ ዓመት በፊት እዚያው ቆሞ የተነሳ፣ ቀንና ቦታ የተጻፈበት ፎቶ ነው። ለሽርሽር የሄደ ቤተሰብ አልበም ውስጥ ያለ ተራ ሥዕል አንድ ቀን ማስረጃ ይሆናል። ዛሬ ኢበርድን የመሳሰሉ መዝገቦች የማንንም ሰው ምልከታ በነጻ ይቀበላሉ። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ የብርቅዬ ወፍ ጎጆ ያለበት ትክክለኛ ቦታ በአደባባይ አይለጠፍም።

ጉዞውም ቢሆን አዲስ ነገር አይፈልግም፤ ሰው አስቀድሞም እየተጓዘ ነው። ቢሾፍቱ ለመዝናናት፣ ደብረ ሊባኖስ ለመሳለም፣ ሐዋሳ ለሠርግና ለስብሰባ ይኬዳል። ደብረ ሊባኖስ የሄደ ምእመን ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆም ቢል አጥንት ከሰማይ ጥሎ ሰብሮ የሚበላውን ታላቅ አሞራ በዓይኑ ትይዩ ሲያንዣብብ ሊያየው ይችላል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ሊበላ የገባ ሰው አባ ኮዳ ከአጠገቡ ቆሞ እንደ ሽማግሌ ሲታዘበው ያገኘዋል። በአምቦ መንገድ ገፈርሳ ግድብ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ አለች፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የላትም። ከምሳው በፊት ግማሽ ሰዓት መስጠት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ። በዓመት አንዴ ተማሪ በአውቶቡስ ጭኖ ሙዚቃ ከፍቶ መመለስ «የትምህርት ጉብኝት» ይባላል። ልጆቹ አሥር ወፍ ለይተው፣ በሰፈራቸው ቋንቋ የሚጠራበትን ስም ከአያቶቻቸው ጠይቀው እንዲጽፉ ቢደረግ ያው ጉብኝት ሌላ ነገር ይሆናል። ስሙ ካልተጻፈ ከአያቶቹ ጋር ይሄዳልና። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፤ ጅምሩ ከባዶ አይነሳም። ወፎች በጣሊያን መስፍንና በጀርመን ሊቅ ስም ተመዝግበው ሲኖሩ አገሬው የሚጠራበት ስም ግን በአንድ ትውልድ ዝምታ ሊጠፋ ይችላል።

መስቀል ሲደርስ ደመራው ይበራል፣ አደይ ይፈነዳል፣ ያ ቢጫና ጥቁር ወፍ ሣሩ ጫፍ ላይ ወጥቶ ይታያል። እሱን በዚያ ቀን ማየት ቀላል ነው፤ ደምቋልና። ፈተናው ከጥምቀት በኋላ ነው። ያኔ ጌጡ ረግፎ፣ ቡናማ ለብሶ፣ ከአጥሩ ሥር እህል ሲለቅም «አንተ ነህ እንዴ?» ብሎ የሚያውቀው ሰው ከተገኘ፣ የመስቀል ወፍ የሚለው ወቀሳ ለወፉ አይገባም። ለዘመድየው ግን አሁንም ይገባዋል፤ ቶሎ ቶሎ ይምጣ።