ቢላውን ተዉት፣ ፋሻ ያዙ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ የድንገተኛ አደጋ ቦርሳዬን ይዩልኝ» ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ተጣጣፊ ቢላ፣ እሳት መጫሪያ፣ ገመድ፣ ኮምፓስ። እንዴ! ከአያት መገናኛ በታክሲ የሚመላለስ ልጅ ኮምፓስ ምን ያደርግለታል? መንገዱ ከጠፋው ረዳቱን አይጠይቅም?

ወዳጆቼ፣ ይሄ የፊልም ቦርሳ ነው። እኛን የሚገጥመን ጫካ ውስጥ መጥፋት አይደለም፤ የመኪና አደጋ ነው፣ መብራት የጠፋበት ደረጃ ነው፣ ስኳሩ ወርዶ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሞተረኛ ዓይኔ እያየ ወደቀ። ክንዱ ይደማል። ያን ሁሉ ሰው ከበነው ንጹህ ጨርቅ የያዘ ጠፋ። አንዱ ቀበቶውን ፈቶ ሊያስረው ሲል ጮህኩበት፤ መጀመሪያ ቁስሉን ጫን አድርጎ መያዝ ነው እንጂ! ቤተሰቡን እንዳንጠራ ስልኩ ተቆልፏል።

ስለዚህ ፋሻና ጓንት ያዙ። ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ቻርጅ የተደረገ (ደግሜ፦ የተደረገ!) ፓወር ባንክ። ስኳር ያለበት ከረሜላ፣ አስም ያለበት የሚነፋውን መድኃኒት። ከሁሉም በላይ ግን ወረቀት፦ ስማችሁ፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ የማይስማማችሁ መድኃኒት፣ የሁለት ዘመድ ስልክ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳት አደጋ 939። የደም ዓይነትም ጻፉ ካላችሁ ጻፉ፤ ሆስፒታሉ ግን ራሱ ሳይመረምር አይሰጣችሁም።

«በዚህ ዘመን ወረቀት?» ያልከኝ ልጅ፣ ስልክህን ሳትነካ የእናትህን ቁጥር በቃልህ በለኝ እስቲ።