የውስጥ አርበኛን ስም ለጠቋሚ አታውሱ

በጦርነት ጊዜ አንድ ሲቪል ሰው ማንም ሳያዘው ብዕር አንስቶ «መረጃ ላቀብላችሁ» ብሎ ቢጽፍ ጀግና ነው ወይስ ጆሮ ጠቢ? መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ በዚያ ደብዳቤ የሚሞተው ማን ነው?

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ራስ አበበ አረጋይ በሰሜን ሸዋ ተራሮች ጣሊያንን ሲፋለሙ ብቻቸውን አልነበሩም። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በጠላት አፍንጫ ሥር፣ ጥይት፣ መድኃኒትና ደብዳቤ የሚልኩ የውስጥ አርበኞች ነበሩ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌን አስቡ። ሀብታቸውን ለአርበኞች አፈሰሱ፣ መረጃና መሣሪያ አቀበሉ። ተይዘው ተሠቃዩ፣ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ሲመለሱም ሥራቸውን ቀጠሉ።

የእነዚህ ሰዎች ደብዳቤ ቢያዝ የሚሰቀለው ጸሐፊው ነበር። የሚሰልሉትም ታንክና አውሮፕላን ይዞ የመጣን ወራሪ እንጂ ጎረቤታቸውን አልነበረም።

የጠቋሚ ደብዳቤ ግን ግልባጩ ነው። ጸሐፊው ቤቱ ይተኛል፣ ስሙ የተጻፈበት ሰው በሌሊት ይወሰዳል። ብዙ ጊዜም ከአገር ፍቅሩ ሥር የድንበር ጠብ፣ የብድር ቂም ወይም ምቀኝነት አለ።

ይህን በቅርቡ አይተነዋል። ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሲገሰግስ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሕዝቡም «ጠቁም» ተባለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ የአዲስ አበባው እስር ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ተናገረ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ አዋጁ ወደ አማራ ክልል መጣ። ከዚያ ወዲህ ከደብረ ብርሃን አንኮበር የሚመላለስ ሾፌር፣ ሱቅ ከፍቶ የሚውል ነጋዴ፣ የገጠር መምህር በሁለት ወገን ይጠረጠራል። አንዱ «የፋኖ ጆሮ» ይለዋል፣ ሌላው «የመንግሥት ጆሮ»።

«እና ሠራዊት ያለ መረጃ ይዋጋ?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። መረጃ መሰብሰብ ደመወዝ የሚከፈለው፣ የሚጠየቅበትም የባለሙያ ሥራ ነው። የቡና ማኅበርተኛን ሰላይ ማድረግ ግን ጦርነቱን ማጀት ድረስ ማስገባት ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ወታደሩ ወደ ካምፑ ይመለሳል፤ ጠቋሚውና የተጠቆመው ቤተሰብ ግን አንድ ምንጭ ይቀዳሉ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ።

ስለዚህ መንግሥትም ፋኖም ሲቪሉን ተዉት። አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ የጎረቤት ስም ከመጻፋችሁ በፊት የራሳችሁን ስምና ፊርማ ከሥሩ ማስፈር ትደፍሩ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ካልደፈራችሁ፣ የሸዋረገድን ስም አትጥሩ።