ከድምፃዊው ጀርባ የቆሙት

አንድን ዘፈን እወዳለሁ የሚል ሰው የማን ዘፈን እንደ ሆነ ሲጠየቅ የሚጠራው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። ድራሙን የመታው፣ ጊታሩን የተጫወተው፣ በተቀባይነት የቆመው ሁሉ ይዘነጋል። ይህ ልማድ ስሕተት ነው እላለሁ። ዘፈንን በእውነት የሚያደንቅ አድማጭ ከድምፃዊው ጀርባ የቆሙትንም ለይቶ ሊሰማና ሊያውቅ ይገባዋል። ለዚህ አስተያየቴ ማስረጃ አድርጌ የማቀርበው ደጋግሜ ከማዳምጣቸው የጥቁር አሜሪካውያን የ«ሶል» አልበሞች መካከል ሦስቱን ነው። ሶል ማለት ነፍስ ማለት ሲሆን፣ ሙዚቃው ከቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ብሉዝ ከሚባለው የብሶት ዜማ የተወለደ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ኦቲስ ሬዲንግ በ1965 ያወጣው «ኦቲስ ብሉ» ነው። የዚህ አልበም አብዛኛው ክፍል የተቀረጸው በሜምፊስ ከተማ፣ ቀድሞ ሲኒማ ቤት በነበረ አዳራሽ ውስጥ፣ በአንድ ቀንና ሌሊት ነው። ሥራው እንዲህ የፈጠነው የኦቲስ ድምፅ ድንቅ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ የስቱዲዮው ሙዚቀኞች ዘወትር አብረው ከመጫወታቸው የተነሣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ሳይነገረው ይረዳ ስለ ነበረም ነው። ከእነርሱም መካከል ኦርጋን ተጫዋቹ ቡከር ቲ. ጆንስና ድራም መቺው አል ጃክሰን ጥቁሮች፣ ጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ክሮፐርና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ዶናልድ ደን ነጮች ነበሩ። በአሜሪካ ጥቁርንና ነጭን በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች መለያየት በሕግ ከተከለከለ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። በውጭ አብረው ለመቀመጥ ይቸገሩ የነበሩ ሰዎች በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ምት ይጠብቁ ነበር። ይህን ያላወቀ አድማጭ ዜማውን ቢሰማም ቁም ነገሩ ያመልጠዋል።

በዚሁ አልበም ውስጥ ኦቲስ የደረሰው «ሪስፔክት» የሚባል ዘፈን አለ፤ ትርጓሜው «ክብር» ነው። ወደ ቤቱ የሚመለስ ወንድ እንዲከበር የሚጠይቅበት ነው። በ1967 አሬታ ፍራንክሊን ይህንኑ ዘፈን ለአትላንቲክ ኩባንያ ለሠራችው የመጀመሪያ አልበም መክፈቻ አደረገችው። ያን ጊዜ ክብር ጠያቂዋ ሴት ሆነች፤ ሴቶችም፣ ለእኩልነት የሚታገሉ ጥቁሮችም የመብታቸው መዝሙር አደረጉት። የአሬታ ድምፅ ድርሻው ታላቅ ነው፤ ነገር ግን እኅቶችዋ ካሮሊንና ኧርማ በተቀባይነት ባይቆሙ ኖሮ ዘፈኑ የአንዲት ሴት ጥያቄ ሆኖ በቀረ ነበር። የብዙዎች ጥያቄ ያደረገው የእነርሱ አጸፋ ነው።

ሦስተኛው ማርቪን ጌይ በ1971 ያወጣው «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ነው። ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ ሰው አገሩን አይቶ እንደሚጠይቅ ሆኖ ስለ ጦርነት፣ ስለ ድህነትና ስለ አየር መበከል ይናገራል። ዘፈኖቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ይፈስሳሉ። ይህን ያጀቡት የዲትሮይት ሙዚቀኞች ሞታውን ለተባለው ኩባንያ ለዓመታት እጅግ ብዙ ታዋቂ ዘፈኖችን ሲጫወቱ ስማቸው በሸክላው ሽፋን ላይ አይጻፍም ነበር። በዚህ አልበም ሽፋን ላይ ግን ተጻፈ። ላቡን ያፈሰሰ ሰው ስሙ መጠራቱ ውለታ ሳይሆን ተገቢ ዋጋው ነው።

አንዳንድ ሰዎች፣ «አድማጭን የሚማርከው ድምፃዊው ነው፤ ኦቲስ ባይኖር ኖሮ እነዚያን ሙዚቀኞች ማን ያውቃቸው ነበር?» ይሉ ይሆናል። ድምፃዊው ቀድሞ መሰማቱን አልክድም። ይሁን እንጂ ይኸው የቡከር ቲ. ጓድ፣ ዶናልድ ደን ከመግባቱ በፊት፣ በ1962 «ግሪን ኦንየንስ» በተባለ፣ አንድም ቃል በሌለበት ሙዚቃ ዝናን አትርፎ ነበር። ስለዚህ አጃቢ የሌላው ጥላ ነው ማለት አይቻልም።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። የዘፈንም ነገር እንዲሁ ነው። እንግዲህ የምትወዱትን አልበም፣ የአገራችንም ይሁን የውጭ፣ ስታዳምጡ በመጀመሪያ ድምፃዊውን፣ ቀጥሎ ድራሙንና ቤዝ ጊታሩን፣ በመጨረሻም ተቀባዮቹን ለይታችሁ ስሙ። ስማቸው በሽፋኑ ላይ ካለ አንብቡት፤ ከሌለም እነማን እንደ ሆኑ ጠይቁ።