የኬኒንግተን ቤት ገዢና የሻጩ ወኪል

በደቡብ ለንደን፣ በኬኒንግተን ቤት ለመግዛት የሚነሣ ኢትዮጵያዊ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ ቤቱን የሚያስጎበኘው ወኪል እንደ አዲስ አበባ ደላላ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን የሚጠብቅ ሳይሆን፣ በሻጩ የሚከፈለውና ለሻጩ ጥቅም የቆመ መሆኑን ነው። ስለዚህ ገዢው እስከ ስንት ሊከፍል እንደሚችል ለወኪሉ መግለጹ ለሻጩ ከመንገር አይለይም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የቤት ሽያጭ ወኪሎች ሕግና ተከታይ ደንቦቹ፣ ወኪሉ ገዢዎች ያቀረቡትን ዋጋ ሳይዘገይ በጽሑፍ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ያስገድዱታል፤ ብድሩን በእርሱ ድርጅት በኩል ያልወሰደን ገዢ ማግለልም የተከለከለ ነው።

በሰፈሩ በርካታ የቆዩ ቤቶች ወደ አፓርታማነት ተከፋፍለው የሚሸጡት በሊዝ ነው፤ ይኸውም ገዢው የሕንፃውና የመሬቱ ባለቤት ሳይሆን፣ ለተወሰነ ዘመን የመያዝ መብት ያገኛል ማለት ነው። በጉብኝት ጊዜ አዲስ የተቀባው ግድግዳ ዐይን ቢስብም፣ ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የቀረው የሊዝ ዘመን፣ ለሕንፃው እንክብካቤ በየዓመቱ የሚከፈለው የአገልግሎት ክፍያና የታቀደ የጣራ ጥገና ነው፤ ከ80 ዓመት በታች የወረደን ሊዝ ማራዘም ብዙ ገንዘብ ሲያስወጣ ቆይቷልና።

ሻጩ ዋጋውን ቢቀበልም ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ሽያጩ አይጸናም። ገዢዎች ከዚያ በፊት የራሳቸውን ጠበቃና የሕንፃ መርማሪ ይያዙ።