ለመድነው

ከአየር ጤና ተሳፍሬ ወደ ሰበታ እየሄድኩ ነበር። ዓለም ገናን አልፈን ትንሽ እንደተጓዝን አንድ የማይቻል ሽታ ታክሲው ውስጥ ገባ። ቆዳ እንዳይሉት ቀለም ቀለም ይላል፤ ቀለም እንዳይሉት የበሰበሰ ነገር አለበት። መስኮቱን ለመዝጋት ስታገል ከጎኔ የተቀመጡ እናት ሳቅ አሉና «ተወው ልጄ፣ ይለመዳል» አሉኝ። «እርስዎ ለመዱት?» ብላቸው «እኔማ ድሮ! አሁንማ ጭራሽ አይሸተኝም» አሉ። ይህን ሲሉ የነጠላቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ ነበር።

ሌላ ቀን ቡራዩ ዘመድ ልጠይቅ ሄድኩ። በሩ ላይ የተቀበለኝ ቢጫ ጀሪካን ነው፤ አንድ አይደለም፣ ሰልፍ ነው። ገፈርሳ፣ አዲስ አበባን ለስንት ዘመን ውኃ ያጠጣው ግድብ፣ ከቤቱ ሩቅ አይደለም። «ውኃ መቼ ነው የሚመጣው?» አልኩ። «ሲመጣ ነዋ! ለመድነው» አለኝ ዘመዴ፤ እንደ ጀብዱ።

ይህቺን «ለመድነው» የምትባል ቃል ዛሬ ልጣላት ነው።

አማርኛችን ብልህ ነው። «ለመደ» እና «ተላመደ» ብሎ ሁለት ግስ ሰጥቶናል። በሬ ቀንበር ይለምዳል፤ ቀንበር ግን በሬን አይለምድም። ጎረቤታሞች ደግሞ ይላመዳሉ፤ አንዱ የሬዲዮኑን ድምፅ ይቀንሳል፣ ሌላው ትንሽ ይታገሣል። መላመድ እንደ መነጋገር፣ እንደ መረዳዳት ሁለት ወገን ይፈልጋል። ስብሰባ ላይ «ነዋሪው ከአዲሱ ሁኔታ ጋር እንዲላመድ ግንዛቤ ማስጨበጫ ይሰጣል» ሲባል ስትሰሙ ግን ጠርጥሩ። ግንዛቤ የሚጨብጠው ሁልጊዜ በሬው ነው። ለቀንበሩ ስልጠና ሲሰጥ አይቼ አላውቅም።

«ተፈጥሮም እኮ የምታስተምረው ይህንኑ ነው፤ ያልተላመደ ይጠፋል» የሚሉኝ የተማሩ ወዳጆች አሉኝ። እስቲ ተፈጥሮን እንጠይቃት። እኔ የምኖርባት ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጎህ ሲቀድ አትሌቶቻችን እዚህ የሚሮጡት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ሆነ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከቆላው ሰው እምብዛም እንደማይለይ አሳይቷል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸውን ጨምረው፣ የቲቤት ሰዎች ዝቅ ባለ ኦክስጅን ችለው ሲኖሩ የኛ ሰው ሦስተኛ መንገድ አግኝቷል።

ደስ ይላል። ግን ስንት ጊዜ ፈጀ? በባሌ ተራሮች፣ ፊንጫ ሀበራ በሚባለው ዋሻ፣ ከ30 ሺህ ዓመት በፊት ሰው ይኖር እንደነበር ተረጋግጧል። ሰውና የኛ ደጋ የተዋወቁት ያን ያህል ቀድመው ነው። ደግሞስ ተፈጥሮ የምታላምደው እንዴት ነው? ያልቻለው ዘር ሳይተካ እየሞተ፣ የቻለው እየቀረ ነው። እንግዲህ «ይላመዱታል» የሚል ሰው «ያልቻሉት ይለቁ» እያለ መሆኑን ይወቀው። ለስስ አየር ይህን ያህል ዘመን የጠየቀ ሰውነት የፋብሪካ ፍሳሽን በአምስት ዓመት ይለምዳል ብሎ መጠበቅ ሳይንስ አይደለም፤ ጭካኔ ነው። የታክሲዋ እናት አልዋሹኝም። አፍንጫ ውሎ ሲያድር ሽታ ማሳወቁን ይተዋል። ሳንባና ኩላሊት ግን የገባባቸውን አይተዉም።

ፈጥኖ የሚላመድ ካስፈለገ አለላችሁ። የወባ ተሐዋሲ ክሎሮኪንን ለመደ፤ ቀጥሎ ፋንሲዳርን ለመደ፤ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ኮአርተም ዞረች። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ ተገኘች፤ በከተማ በርሜልና ሮቶ ውስጥ የምትራባ ናት። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር ስሟ ተያይዟል። ቡራዩ ደጋ ናትና ለጊዜው አትድረስባት። ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ነው፤ እኛ የውኃ መጥፋትን ለምደን በርሜል ስንደረድር፣ ትንኟ በርሜሉን ለመደች።

እውነተኛ መላመድ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሙዚቃችንን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ልጆች የነፋስ መሣሪያ ይዘው መጡ። እኛ መንፋቱን ተማርን። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎኑን ሽለላና ፉከራ አስተማረው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሞሊየርን ወስዶ «የፌዝ ዶክተር» ሲያደርገው ፈረንሳዊው አማርኛ ተናገረ። ሙያው ስም አለው፤ «ውርስ ትርጉም» ይባላል። እንግዳው ነገር መጣ፤ እኛም ተለወጥን፤ እሱም ተለወጠ። ሳክስፎኑ እንደመጣ ቢቀር፣ እኛም «ለመድነው» ብለን ዝም ብንል ኖሮ ዛሬ ዓለም የሚሰማልን ሙዚቃ ባልኖረን።

ታዲያ ከሙዚቀኛ የጠበቅነውን ከፋብሪካና ከከተማ ለምን አንጠብቅም?

እቤቴ አጠገብ ካለ አንድ ግቢ በር ላይ የሚቆሙ ሽማግሌ ዘበኛ አሉ። አንድ ማለዳ በዱላቸው አጥሩን እየጠቆሙ «እዚህ ጋ ገብስ ነበር፤ ወዲያ ማዶ ከብቶቹ ይግጡ ነበር» አሉኝ። መሬቱ የእሳቸው ነበር። ካሳው አለቀ፤ አሁን ደመወዝ ተቀብለው የገዛ ማሳቸውን ይጠብቃሉ። ሪፖርት ጸሐፊ ቢመጣ «ከልማቱ ጋር የተላመዱ አርሶ አደር» ብሎ ይጽፋቸዋል። ወንድማቸው የት እንደገባ ግን የሚጽፍ የለም፤ መላመድ ያልቻለ ሰው ሪፖርት ውስጥ አይገባም።

ሌላውን ስወቅስ ራሴን መርሳት አይገባኝም። ሱሉልታ ቤት ሠርቼ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። እኒህ ሽማግሌ አማርኛ ለምደውልኛል። እኔ ከ«አካም» አልፌ አፋን ኦሮሞ አልለመድኩላቸውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ተላምደናል ብዬ ሳወራ የለመዱት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለካ እኔም ቀንበር ነኝ!

በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር «ሸገር ከተማ» በሚል ስም ተጠቃለዋል። ያው እንደተለመደው ማኅተሙንም፣ ቢሮውንም፣ ሰልፉንም እየለመድን ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፣ መንግሥት በሚያካሂደው ፕሮግራም የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካም ተመጣጣኝ ካሳ ወይም አማራጭ ማካካሻ እንደሚገባው ጽፏል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። የለመድን መብት የለንም አላለም፤ ግን የለመደ ሰው አቤት አይልም። አቤት ያልተባለበት ሕግም መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለምዳል።

ዝምታችንን የሚለምድም አለ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው። ወንዙ ላይ የለቀቀው ፍሳሽ ዘንድሮ ካልተጠየቀበት ለከርሞ ቧንቧውን ያሰፋዋል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ ጉልበት፣ ከዚያ ወዲያ መሳቂያም የለም።

ስለዚህ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ሰዎች፣ ለራሴም ጭምር፣ አንድ ነገር ልለምን። ድህነትን ችለን ኖረን ይሆናል፤ መቻል አያሳፍርም። የቻልነውን ሁሉ ግን «ለመድነው» አንበል። በሩ ላይ ያለው ጀሪካን ሲያስቆጣችሁ ተቆጡ፤ ሲሸታችሁ «ሸተተኝ» በሉ፤ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ፈርሙበት፣ ቀበሌም ወረዳም ይዛችሁ ሂዱ። «ሁሉም ለምዶታል፣ አንተ ምን ሆንክ?» ካሏችሁ «እኔ አልለመድኩትም» በሏቸው።

እኔም ነገ ጠዋት ከዘበኛው ሽማግሌ ዘንድ ቆሜ ሁለተኛውን ቃል እጠይቃለሁ።